ካስክ ስር የተነበበው መጽሐፍ

የመጀመሪያ ልብ ወለዴን የጻፍኩት በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ክፍል ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ባልደረቦቼ ወደ ካፌው ሲወርዱ እኔ በፋይል መደርደሪያዎቹ መካከል ቁጭ ብዬ፣ በግራ እጄ ዳቦ ይዤ እየገመጥኩ በቀኝ እጄ እጽፍ ነበር። አራት ዓመት ፈጀብኝ። ያለቀ ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ የመዝገብ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆለፍኩና ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ታሪኩ የሁለት እህትማማቾች ነው። ከአባታቸው የወረሱትን ግቢ መሃል ለመሃል በግንብ ከፍለው፣ አንዷ የሌላዋን ሳል በግንቡ እየሰማች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። በመጨረሻ ይታረቁ አይታረቁ ያኔም ለማንም አልናገርም ነበር፣ አሁንም አልናገርም።

ጽፌ ስጨርስ የቀረኝ ማሳተም ብቻ መስሎኝ ነበር። በመጀመሪያ የሄድኩት ሜክሲኮ አካባቢ ፎቅ ላይ ቢሮ ወዳለው አንድ አሳታሚ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ረቂቁን በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ መዘነው። አነበበው አላልኩም፤ መዘነው።

«እህቴ፣ ጥሩ ጽፈሽ ይሆናል» አለኝ። «ግን ማን ያውቅሻል?»

«እናቴና የመዝገብ ክፍል ሰዎች» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ አስረዳኝ። ስም ያለው ሰው መጽሐፍ በስሙ ይሸጣል። ስም የሌለው ሰው ግን የማሳተሚያውን ወጪ ራሱ ይችላል፣ እነሱ ደግሞ መጽሐፉ ጀርባ ላይ የድርጅታቸውን ዓርማ ያደርጉለታል።

«ታዲያ የእናንተ ሥራ ምኑ ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት፤ የእውነት ስላልገባኝ ነው።

«ዓርማው ላይ» አለኝ፣ ሳያፍር።

አንዱን ቅጂ ከነስልክ ቁጥሬ ትቼለት ወጣሁ። ቀጥዬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እዚያ ያነጋገረኝ ሰውዬ ደግሞ ከአንድ ሺህ ኮፒ በታች ማሽን እንደማያስነሱ ነገረኝ። አንድ ሺህ መጽሐፍ ቤቴ ውስጥ ተቆልሎ፣ እኔ እላዩ ላይ ተኝቼ ታየኝና አመስግኜ ወጣሁ። የመሥሪያ ቤታችን የአይቲ ልጅ ደግሞ «ቴሌግራም ላይ ልቀቂዋ፣ በቃ! ቻናል ትከፍቻለሽ፣ ሼር ይደረጋል» አለችኝ። ከፈትኩ። ሃያ ሦስት ተከታይ አገኘሁ። ሁለቱ የራሴ ስልኮች ነበሩ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስከርም አንድ ሌላ አሳታሚ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሊያነጋግረኝ ቀጠረኝ። «የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ይዘሽ ነይ» ብሎኛል። እኔም ምዕራፍ አንድን በፕላስቲክ አቃፊ ይዤ፣ ሰው መስዬ ልቅረብ ብዬ ጠዋት ካዛንቺስ ፀጉሬን ልሠራ ሄድኩ።

ፀጉር ቤቷ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ሳይነኩ ከቀሩት ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት ናት። ባለቤቷ አሥራ አምስት ዓመት ፀጉሬን ሠርታኛለች። ደንበኞቿ አብዛኞቹ ያን ጊዜ ከሰፈሩ ተነስተው ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ ናቸው፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጣሉ። እዚያው ፀጉር ቤት ጠፍቶ አይደለም። እዚህ ሲመጡ የድሮ ጎረቤታቸውን ያገኛሉ።

አቃፊዬን ወንበር ላይ አስቀምጬ ለመታጠብ ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል፣ ቢጎዲን ተጠቅልላ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠች አንዲት ሴት አቃፊዬን ከፍታ ታነባለች። መጋረጃ ነጋዴ ናት፤ በዓይን እንተዋወቃለን። «ይቅርታ፣ የኔ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ባለ ፀጉር ቤቷ ጭንቅላቴን መልሳ ማጠቢያው ላይ አስደገፈችው። እኔ ግን አንገቴን አጣምሜ ማየቴን አልተውኩም፤ ውሃው ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

የማላውቀው ሰው ጽሑፌን ሲያነብ ሳይ ያ የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ፈገግ አለች። የቱ ጋ ደርሳ ይሆን? ፊቷን ቋጠረች። አንድ ገጽ ገለጠች። ቢጎዲኗን በጣቷ አከክ አድርጋ ሌላ ገጽ ገለጠች። ከዚያ ጭኗን በጥፊ መታችና፦

«ወይኔ! ግንቡን አስገነባችው!» ብላ ጮኸች።

ካስክ ስር ያለ ሰው ድምፁ ምን ያህል እንደሚሰማ አያውቀውም። ማሽኑ ጆሮው ላይ ስለሚጮህ ለራሱ ሹክ ያለ ይመስለዋል። ፀጉር ቤቱ በሙሉ ዞረ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ?» አለች ባለቤቷ።

«እህቷ ለቅሶ ሄዳ ሳለች! ሦስት ቀን ለቅሶ ልትቀመጥ ሄዳ፣ ስትመለስ ግቢው መሃል ግንብ ቆሟል! እንዲህ ያለች እህት አለች?»

«ማናት? ዘመድሽ ናት?»

«እኔ እንጃ፣ እዚህ ወረቀት ላይ ነው!»

ባለቤቷ እኔን ትታ ወደ እሷ ሄደች። «ፀጉርሽ ደርቋል፣ ውጪ» አለቻት። «አምስት ደቂቃ» አለች። «ይቃጠላል እኮ!» «ይቃጠል!» አለችና ገጽ ገለጠች። ስትጨርስ አቃፊውን ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ከስሩ ሌላ ወረቀት ፈለገች። ከዚያ ካስኩን በእጇ ገፍታ ተነሳች።

«ቀጣዩ የት አለ? የማን ነው ይሄ?»

ፎጣ በራሴ ጠምጥሜ እንደቆምኩ «የአንዲት ጓደኛዬ ነው» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ምናልባት እኔ ነኝ ብል «ጎበዝ» ብለው ያልፉኛል ብዬ ፈርቼ ይሆናል። እውነቱን የሚናገሩት ጸሐፊዋ እዚያ የሌለች ሲመስላቸው ነው።

አቃፊዬን አልመለሰችልኝም። የወንድሟ ሚስት ከሰዓት በኋላ ትመጣለችና ለሷ ይቀመጥላት አለች። እኔም ሰጠኋት። ከአሳታሚው ጋር የነበረኝ ቀጠሮ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ካወለቅኩ በኋላ ነው።

ረቡዕ ዕለት ባለ ፀጉር ቤቷ ደወለች። «አንቺ፣ ምን ዓይነት ጣጣ ነው ጥለሽብኝ የሄድሽው? ሴቶቹ ሊበሉኝ ነው! ለጓደኛሽ ንገሪያትና ምዕራፍ ሁለትን ላኪልኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ከመዝገብ ክፍሉ በሩጫ ወጣሁ። ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ምዕራፍ ሁለትን አምስት ቦታ አስባዛሁ፣ በወፍራም ወረቀት ሸፍኜ በስቴፕለር አያያዝኩት። ልጅቷ «የቢሮ ነው?» ስትለኝ «የራሴ ነው» አልኳት። ያቺን ቃል ስናገር ምን ያህል እንደጣፈጠችኝ!

በዚህ ዓይነት በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ መውጣት ጀመረ። ባለቤቷ ሕግ አወጣች። ወረቀቱ ከፀጉር ቤቱ አይወጣም። ካስክ የገባች ታነባለች፣ ሹሩባ የምትሠራ ታዳምጣለች። ስለዚህ ካስክ ስር ያለችዋ ጮክ ብላ፣ ማለቴ ከምር እየጮኸች፣ ለሌሎቹ ታነብላቸዋለች። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ጠብ የተነሳ መስሎት ብቅ ብሎ እያየ ይመለስ ነበር።

እኔም ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም። ፀጉሬ እንደዚያን ሰሞን አምሮበት አያውቅም። አንድ ጥግ ይዤ፣ መጽሔት ገልጬ፣ ጆሮዬን አቁሜ እቀመጣለሁ። ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለዋል፤ የታላቋ ወገንና የታናሿ ወገን። መጋረጃ ነጋዴዋ የታናሿ ወገን መሪ ናት። እኔ በአራት ዓመት ያላሰብኩትን ያስባሉ። «ግንቡን የሠራው ግንበኛ ያውቅ ነበር፣ ለምን ዝም አለ?» ይላሉ። እውነትም ለምን ዝም አለ? ቤቴ ገብቼ ለግንበኛው አንድ ገጽ ጻፍኩለት።

ከሁሉ የመታኝ ግን የሹሩባ ሠሪዋ ቃል ነው። ከስልጤ የመጣች፣ ሥራዋ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትውል ሴት ናት፤ ስትናገር ሰምቼያት አላውቅም። ምዕራፍ አምስት ላይ ታላቋ እህት ለታናሿ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፋ በግንቡ ላይ ትወረውርላታለች። እኔ ስጽፈው አልቅሼበታለሁ። ተነቦ ሲያልቅ ሹሩባ ሠሪዋ እጇን ሳታቆም፦

«ይቺ ጸሐፊ እህት የላትም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?» አለቻት መጋረጃ ነጋዴዋ።

«እህትማማቾች በደብዳቤ አይታረቁም። ዕቃ አውሺኝ ብለው ነው የሚታረቁት።»

እውነቷን ነው። ሦስት ወንድሞች እንጂ እህት የለኝም። እቤቴ እስክደርስ አልቻልኩም፤ ታክሲ ውስጥ የራሴን የምዕራፍ አምስት ቅጂ ቀዳደድኩት። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲሱን ጻፍኩ። ታናሿ በሩን ታንኳኳለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ባልተንኳኳ በር ቆማ «ወንፊት አለሽ?» ትላለች። ያ ምዕራፍ ቅዳሜ ዕለት ሲነበብ ሹሩባ ሠሪዋ እጇን አቆመች። ሌላ ምስክር አልፈለግኩም።

ምዕራፍ ስድስት ከወጣ በኋላ ባለቤቷ አንድ ቅዳሜ ጥግ ወስዳ «ኧረ ጓደኛሽን ጉድ ሠርተዋታል» አለችኝና አንዱን ቅጂ ሰጠችኝ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሯል። ሀሌታው ሀ መግባት ሲገባው ሐመሩ ሐ የገባበት፣ የጠፋ ነጠላ ሠረዝ፣ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቃል። መጨረሻ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ታሪኩ ልብ ይሰቅላል። ፊደሉ ያሳፍራል። ጸሐፊዋ ትምጣ።»

የጻፉት ሴትዮ በወር አንዴ ሽበታቸውን ሊስተካከሉ የሚመጡ ጡረተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበሩ። ቤታቸው ቡልጋሪያ ሰፈር ነው። ባለ ፀጉር ቤቷ ደውላ ቀጠሮ ያዘችልኝ፤ ሰኞ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

«ጓደኛሽ አልመጣችም?» አሉኝ።

«እሷ እንኳ ትንሽ አሟት…»

«ጣትሽ ላይ ያለው ቀለም የማን ነው?»

አየሁት። የሰነፍ ተማሪ ጣት ይመስላል። «የኔ ነው» አልኩ። ከዚያ ደግሞ «እኔ ነኝ፣ እትዬ። የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አራት ዓመት ከስድስት ምዕራፍ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ተናገርኩት።

«አውቄያለሁ። ነይ ግቢ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

ያን ዕለት ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊደል ተማርኩ። ሲደክመኝ፣ እንዴት ላሳትመው እንደምችል ጠየቅኳቸው። የሞከርኩትንም ሁሉ ነገርኳቸው። ዓርማውን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አሳታሚ ጥሩ ነው፣ አሳታሚ ከሆነ» አሉ። «የሚያነብልሽ፣ የሚያርምልሽ፣ በራሱ ወጪ የሚያሳትምልሽ ከሆነ ተስማሚ። ገንዘቡን አንቺ ከቻልሽ ግን አሳታሚዋ አንቺ ነሽ፤ ለምን ለሰው ስም ትሰጫለሽ? ማተሚያ ቤትም ቢሆን የዱሮው ብቻ አይደለም። አሁን በዲጂታል የሚያትሙ ትንንሾች አሉ፤ መቶም ሁለት መቶም ብትዪ ያትሙልሻል። ይብዛም ይነስም፣ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። አንባቢ አለሽ ወይ?»

«አለኝ።»

«የት?»

«ካስክ ስር።»

«እንግዲያው ከብዙዎቹ ትሻያለሽ» አሉኝ። ቀልዳቸውን መስሎኝ አየኋቸው፤ አልሳቁም። «እኔ በሕይወቴ ስንት መጽሐፍ እንዳረምኩ አላውቀውም። መጋዘን ውስጥ ታስሮ አቧራ የለበሰውን ግን አይቼዋለሁ። የሚጠብቀው ሰው የሌለ መጽሐፍ ማሳተም ደብዳቤ ያለ አድራሻ ፖስታ ቤት መክተት ነው።» ከዚያ ነገሩን የዋዛ አስመስለው «ስሜ አንዱም ላይ የለም» ብለው ጨመሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ቡልጋሪያ እየሄድኩ አብረን ሠራን። ምዕራፍ ሰባት በወጣ ሰሞን ግን ያልጠበቅኩት ስልክ መጣ። የሜክሲኮው አሳታሚ ነው።

«ያ የእህትማማቾቹ ረቂቅ ያንቺ ነበር አይደል?» አለኝ። «ባለቤቴ ካዛንቺስ ፀጉሯን ትሠራለች። ቤት ስትገባ ሌላ ወሬ የላትም። ስታወራልኝ፣ ይሄንን የት ነው የማውቀው ብዬ ከመደርደሪያዬ ፈልጌ አወጣሁት። ነይና እንዋዋል፤ ወጪው በእኛ ነው።»

ቢሮ ውስጥ ስልኩን እንደያዝኩ ዘለልኩ። አለቃዬ «ምነው፣ ሎተሪ ወጣልሽ?» አለኝ። «የበለጠ!» አልኩት።

ውሉን ተቀብዬ ለፊርማ ሳልቸኩል ቡልጋሪያ ወሰድኩት፤ በዚህ በዚህ እንኳ ብልህ ነበርኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። መጀመሪያ የውሉን ፊደል አረሙ። ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆሙ። ውሉ መጽሐፉን፣ ወደ ፊልም ቢለወጥ ፊልሙን፣ በድምፅ ቢነበብ ድምፁን፣ ሁሉንም «ለዘለዓለም» ለአሳታሚው ይሰጣል።

«ለዘለዓለም የእግዚአብሔር ነው፣ የአሳታሚ አይደለም» አሉና ሰረዙት።

ሰውዬው የተሰረዘውን ሲያይ የሁሉም ውል እንዲህ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም አልፈርምም አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ መሆኔን እስክጠራጠር ድረስ ድምፄ ረጋ ያለ ነበር። ሳንቀያየም ተለያየን፤ እንዲያውም ሲሸኘኝ «ራስሽ ካሳተምሽው ማከፋፈሉን አምጪልኝ» አለኝ። በኋላም እንዳለው አደረገ።

የቀረው ለሴቶቹ እውነቱን መንገር ነበር። አንድ ቅዳሜ መሃል ወለል ላይ ቆምኩና «ጓደኛ የለኝም፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ባለ ፀጉር ቤቷ ማበጠሪያዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «እኔማ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ስታጠቢ አንገትሽ እንደ ብረት ነበር» አለች። መጋረጃ ነጋዴዋ ግን አፏን ከፍታ ቀረች።

«ታዲያ እኔ ታላቋን ስሰድብ ቁጭ ብለሽ ትሰሚ ነበር?»

«እየሰማሁ እጽፍ ነበር።»

«በይ አሁኑኑ መጨረሻውን ንገሪኝ!»

«የመጨረሻው ምዕራፍ መጽሐፉ ላይ ብቻ ነው የሚወጣው» አለች ባለቤቷ በእኔ ፈንታ። ይህን አልተማከርንም፤ ከራሷ ነው ያመጣችው። እሪታው ቀለጠ። ጩኸቱ ሲበርድ ግን ሁሉም ለራሷ፣ ለእህቷ፣ ለጎረቤቷ መጽሐፍ እያስመዘገበች ነበር። ሳይታተም ተሸጠ ማለት ነው። ባምቢስ አካባቢ ካለች አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ሦስት መቶ ቅጂ አዘዝኩ።

እትዬ የመጨረሻውን ረቂቅ አንብበው ሲፈርሙበት አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ። «ከዚህ በኋላ አንዲት ፊደል እንዳትነኪ።»

ነካሁ። ፋይሉን ለማተሚያ ቤቱ በምሰጥበት ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ብታጥር የምትሻል መሰለኝ። አሳጠርኳት። ደስታ አስክሮኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መጽሐፎቹ ደረሱ የተባልኩ ቀን፣ ቅዳሜ ነው፣ እትዬን ይዤ ሄድኩ። ካርቶኑ ሲከፈት ያ የአዲስ ወረቀትና የቀለም ሽታ! አንዱን አንስቼ ጉንጬ ላይ አደረግኩት፤ ገና ትኩስ ነበር፣ ወይም ትኩስ መሰለኝ። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ካርቶኖቹን ጫንን። እትዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አንዱን ገለጡ፤ እንደ ልማዳቸው ከመጨረሻው ምዕራፍ ጀመሩ። ታክሲው ገና ሳይንቀሳቀስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንብቢው» አሉኝ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው።

አነበብኩ። «ታላቋ ምንም ሳትናገር በሩን ዘጋችላት።»

«ዘጋችላት?» አሉ እትዬ። «ብርድ እንዳይመታት ነው?»

«ዘጋችባት» ነው መሆን ያለበት። ባ የነበረችውን ላ አድርጌያታለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ካሉት በሮች ሁሉ ክፉው በር፣ በእኔ አንዲት ፊደል ደግ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሦስት መቶ ጊዜ።

«እኔ ከፈረምኩ በኋላ ነካሽው?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ እትዬ።»

መጽሐፉን ከደኑት፤ እስከ ካዛንቺስ ድረስ መነጽራቸውን መልሰው አላደረጉም። እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ዋጥኩ። ካርቶኖቹን ስናስገባ ፀጉር ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ ግማሾቹ ቢጎዲን እንደተጠቀለሉ፣ አንዷ ሻምፖ እንኳ ሳይታጠብላት ከማጠቢያው ተነስታ መጣች። «እንዳትከፍቱት!» ብዬ ጮኽኩ። እልልታው ቆመ። ስህተቱን ተናገርኩ፤ ጥፋቱም የራሴ መሆኑን።

መጋረጃ ነጋዴዋ «አንዲት ፊደል? እሷን ባ ማድረግ ነው? እስክሪብቶ አምጡ፣ በቃ!» አለች።

እትዬን አየኋቸው። መጽሐፉን ብርሃን ወዳለበት አቅርበው ፊደሏን አጠኗት። «የላ አናት ሹል ነው፣ የባ ጠፍጣፋ» አሉ። «አናቷ ላይ አንዲት አጭር መስመር ብታሰምሩ ትሆናለች። ግን እጃችሁ ይርጋ። እኔ ሳላየው አንድም አይወጣም።»

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ልቤ ይዘላል። ካስክ ስር ያሉት መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ማጠቢያው ዳር ያሉት ግድግዳ ተደግፈው፣ ሹሩባ ሠሪዋ በርጩማ ላይ ቁልሉን ከፊቷ አድርጋ፣ አናት ያሰምራሉ። ጥፍሯን ገና የተቀባች አንዲት ልጅ ቀለሙ እንዳይበላሽባት በክርኗ ገጽ እየገለጠች ታቀብላለች። እትዬ በመካከላቸው እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ይመላለሳሉ። «ይቺ ጠማማ ናት። ይቺ ጎበዝ። አንቺ፣ መስመር ነው ያልኩሽ፣ ባርኔጣ አይደለም!»

መሃል ላይ ሹሩባ ሠሪዋ ቀና አለች። አንዱን መጽሐፍ ከፊት ገጹ ከፍታ ይዛለች። «አርታኢ» ብላ አነበበች፣ ከዚያም ስም ከነአባቱ። «እማማ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

እትዬ መጽሐፉን ተቀበሏት። መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይህንንም እኔ ከፈረምኩ በኋላ ነው የጨመርሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ፊደል በፊደል በጣታቸው ሄዱበት። «እዚህ ላይ ስህተት የለም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መጽሐፍ ታረመ። ባለቤቷ በሩ ላይ «ዝግ ነው» የሚለውን ሰቀለችና ካስኮቹን አጠፋች። ሁሉም በየወንበሩ ተቀምጦ የመጨረሻውን ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ። ያቺ ፀጉር ቤት እንደዚያ ጸጥ ብላ አላውቅም። የምገባበት አጣሁ፤ ደረጃው ላይ ወጥቼ ቆምኩ። የመኪና ጡሩንባ፣ የሕንፃ ሥራ፣ ሁሉም ይሰማኛል፤ ከውስጥ ግን ምንም። ከዚያ የአንዷ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ የሌላዋ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ የሁሉም። መስማማት አልቻሉም! የታላቋ ወገንና የታናሿ ወገን እንደ አዲስ ተያያዙ። ሮጬ ገባሁ።

ሦስት መቶዎቹ በስድስት ሳምንት አለቁ። ሁለተኛውን ኅትመት የሜክሲኮው ሰው አከፋፈለው፤ በውሉ ላይ ያቺ ቃል የለችም። እኔ አሁንም መዝገብ ክፍል ነኝ፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። ባለ ፀጉር ቤቷ ደግሞ መስታወቱ ጎን አንዲት መደርደሪያ አስመትታለች፤ ወሬውን የሰሙ ጀማሪ ጸሐፊዎች ምዕራፋቸውን እያስባዙ ያመጡላታል። መስፈርቷ አንድ ነው፤ ፀጉር እስኪደርቅ የሚያልቅ መሆን አለበት። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የሂሳብ አስተማሪ ግጥሞቿን ይዛ መጣች። ባለቤቷ አገላበጠቻቸውና «ግጥም ለካስክ ያጥራል፣ የኔ ቆንጆ» አለቻት። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። ባለቤቷ ግን ፕላስተር አንስታ ግጥሞቹን ጥፍር የሚቀባበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ጀምራለች። «ጥፍር ቶሎ ይደርቃል» አለች። «ለጥፍር ልክ ነው።»